ክረምትን በጋ ከሚሉት አገር

ቦንጋ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ ለዮሀና፤

የቦንጋ ጭጋግ መንገድ ሳያሳስተው ሰላምታዬ ባሕር ተሻግሮ ይድረስሽ። አምላከ ሩፋኤል ከብርድም ከክፉ አለቃም ይሰውርሽ። እኔ ጥርሴን ካልቆጠርሽብኝ ሙሉ ጤነኛ ነኝ።

ስልክ እየደወልሽ ገንዘብሽን አትጨርሺ። እማማሽ በዛወርቅ ስትሮኩ ከመታት ወዲህ መናገር አልቻለችም፤ የእኔም ጆሮ፣ ሥሩ ካልጮኹበት፣ ጨርሶ ተዘግቷል። እሷ አትናገርም፣ እኔ አልሰማም። በዚህ ቤት ሃምሳ ዓመት ፈልገን ያጣነው ሰላም ዘንድሮ ወረደ። ጎረቤታችን አሰለፈች ስልኳን አምጥታ ፊቷ ላይ ስትደቅንላት መልክሽን ታያለች። ከዚያ በደህናው እጇ ልትዳብስሽ ትሞክርና መስመሩ ይቋረጣል። አሰለፈች «ኔትወርክ ነው» ትላለች። ኔትወርክ አይደለም፣ የበዛወርቅ አውራ ጣት ነው።

ስለዚህ ደብዳቤ ይሻለናል። እኔ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፣ እሷ ትሰማለች። ደስ ያላት እንደሆን አልጋውን መታ መታ ታደርጋለች፤ ያልጣማት እንደሆን ዓይኗን ትጨፍናለች። እኔ ቀልድ ስጨምርበት ትጨፍናለች።

በገና የጻፍሽውን አነበብኩላት። የምትኖሪበትን ሐይቅ «ቦደንዜ» ብለሽ ጽፈሻል መሰለኝ፤ እኔ ግን መነጽሬን ሳላደርግ «ቦዘኔ» ብዬ አነበብኩትና ስሙ ተስማማኝ። ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ተኝቶ የሚውል ውሃ ሌላ ምን ይባላል? የእኛው የጎጀብ ወንዝ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሐኪሙ ሁለተኛ ከመታት አትተርፍም ብሎኛል። ለእሷ አልነገርኳትም፣ ግን ሴትዮዋን ታውቂያታለሽ፣ ሳይነግሯት ነው የምታውቀው። በር በተንኳኳ ቁጥር አንገቷን ታዞራለች። አሰለፈች ስትሆን መልሳ ታዞራለች። የምትጠብቀው አንቺን ነው። መቼ ትመጫለሽ? ቀኑን ሳይሆን ወቅቱን እንኳ ንገሪኝ፣ እነግራታለሁ።

ደግሞ የሱፍ ካልሲ ላኪላት። እግሯ ይበርዳታል። ለእኔ ምንም አትላኪ፤ ላኪ ብልሽም የሐሰቴን ነው፣ የእውነቴን ነው።

አያትሽ ወልደሩፋኤል


ሐይቅ ዳር፣ ጀርመን፣ የካቲት 8 ቀን 2017

ለተከበሩት አያቴ፣ አባባ፤

እንደምን ከረሙልኝ? እማማዬስ እንዴት ናት? እግርዎን ስሜያለሁ፤ ካልሲዎን አውልቀው ይቀበሉኝ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራዬም ደህና ነው። የምሠራበት የአረጋውያን ቤት ከሐይቁ ፊት ለፊት ስለሆነ ቦዘኔውን ቀኑን ሙሉ አየዋለሁ። ዘንድሮ ውሃው ጎድሏል።

ከምንከባከባቸው ሽማግሌዎች አንዱ ሄር ፊንክ ይባላሉ፤ «ሄር» እንደ «አቶ» ማለት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፖም ሲያለሙ ኖረው ዓይናቸው ሲደክም እዚህ ገቡ። እርሻውን አሁን ልጃቸው ነው የያዘው። በየጠዋቱ ከቁርስ በፊት የጋዜጣውን የአየር ትንበያ ካላነበብኩላቸው ማንኪያ አይነሡም። ዝናብ ነው ስላቸው እኔ ያዘነብኩት ይመስል ይቆጡኛል። እኔም ጀርመንኛን የተማርኩት ከአየር ትንበያ ነው። ዳቦ ቤት ገብቼ «ከቀትር በኋላ ሁለት ዳቦ ይጠበቃል» ማለት ነው የቀረኝ።

አባባ፣ ስለ መምጣቴ ጠይቀውኛል። የመኖሪያ ፈቃዴ እየታደሰ ነው። አዲሱ ካርድ እጄ ሳይገባ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም፤ ሥራውም ይቀራል። ግን አይቆይም ብለውኛል። ስለዚህ ለእማማ ይንገሯት፦ በበጋው መጨረሻ እመጣለሁ። በበጋው መጨረሻ፣ እግዚአብሔር ከፈቀደ፣ አጠገቧ እተኛለሁ።

ካልሲውን ልኬያለሁ። ቀዩ የእሷ ነው። ግራጫው ላኩልኝ ላላሉት ሰው ነው።

ልጅዎ ዮሀና


ቦንጋ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዮሀና፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ጌታ ተነሣ፤ አንቺ ግን ካለሽበት አልተነሣሽም።

አልቆጣሁም። የተቆጣሁ ከመሰለሽ የበዛወርቅን ፊት አላየሽም። «በበጋው መጨረሻ» የምትለዋን ሳነብላት አልጋውን እንደ ከበሮ ነው የመታችው። የካቲት አለቀ። መጋቢት ገባ። አሰለፈች በየጠዋቱ አጥባ፣ ያንን ነጭ ነጠላ አልብሳ በመስኮቱ በኩል ታስቀምጣታለች። ባጃጅ በቆመ ቁጥር በደህናው እጇ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ከባጃጁ የምትወርደው የዱቄት ቤቷ አሚናት ስትሆን ነጠላውን መልሳ ትለቀዋለች። አሚናት ምን በደለች? ሰላም ስትለን ሁላችንም ኮስተር ብለን እናያታለን።

በግ ገዝቼ ነበር። «በጾም ከመጣች ምን እናደርጋለን?» ብሎ ጋሽ ፍቅሩ፣ የዕድራችን ዳኛ፣ ጠየቀኝ። በጉ እየጾመ ይጠብቃታል አልኩት። ጠበቀሽ። ከዚያ ዝናቡ መጣ። የእኛ ዝናብ መቼም እንግዳ ነኝ አይልም፣ ሳያንኳኳ ነው የሚገባ። ፋሲካ ሲደርስ በጉን ከነተስፋው አረድነው። በጋው አለቀ፣ በጉም አለቀ።

ምን ሆነሽ ነው? ካርዱ ነው? ወይስ ያ ፖም ገበሬ አያት ሆኖ ተሾመብኝ? ሁለተኛ አያት መያዝ በፍትሐ ነገሥቱም ክልክል ነው፤ ባይጻፍም ክልክል ነው።

በዛወርቅ ከሰሞኑ መስኮቱ ጋ መቀመጥ አትፈልግም። አሰለፈች ወንበሩን ስታስጠጋላት ዓይኗን ትጨፍናለች። እውነቱን ጻፊልኝና ለእሷ የሚነበበውን እኔ አዘጋጃለሁ።

አያትሽ ወልደሩፋኤል


ሐይቅ ዳር፣ ግንቦት 10 ቀን 2017

አባባዬ፤

ደብዳቤዎን አንብቤ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ከዚያ ደግሞ ሳቅሁ፤ ከዚያ መልሼ አለቀስኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

አባባ፣ እዚህ አገር በጋው አሁን ነው የሚገባው! ፀሐይ የሚወጣው፣ ሰው ሐይቁ ውስጥ የሚዋኘው፣ ፖሙ ፍሬ የሚሞላው በእናንተ ሰኔና ሐምሌ ነው። እነሱ «ዞመር» ይሉታል። እኔ ፀሐይ ስለሆነ በጋ ብዬ ተረጎምኩት። በበጋው መጨረሻ ስል ነሐሴ መጨረሻ ማለቴ ነበር። እናንተ ጭቃ ላይ በምትሆኑበት ጊዜ። አራት ዓመት እዚህ ኖሬ ወቅቱ ራሱ ከአፌ ላይ ተገልብጧል፤ አላስተዋልኩም። እማማን ነጠላ አልብሼ መስኮት ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ።

እባክዎ ይንገሯት። አልቀረሁም በሏት። ቃሌን አላጠፍኩም፤ ያጠፋሁት ወቅቱን ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው፣ በክረምቱ ማብቂያ፣ መስቀል ወፍ ሳይመጣ።

ካርዱ ገና ነው። ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ ጠብቂ አሉኝ። ሰዎች ናቸው፣ ፈገግ ብለው ነው የሚሉት።

ሄር ፊንክ ደህና ናቸው። በመስኮታቸው በኩል በሐይቁ ዙሪያ ብርቱካንማ መብራቶች ይታያሉ። ነፋስ የሚመጣ ከሆነ ቀስ እያሉ ብልጭ ይላሉ፤ ማዕበል ከሆነ ፈጠን ፈጠን ይላሉ፤ ያኔ በጀልባ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ወደ ዳር ይሮጣል። ሄር ፊንክ ዓይናቸው ባያይም «አሁን ቀስ ነው ወይስ ፈጠን?» ይሉኛል።

እግርዎን እስማለሁ። የእማማን ግንባር።

ልጅዎ ዮሀና


ቦንጋ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዮሀና፣ ለወቅት አጥፊዋ፤

ሰላምሽ ይብዛ፣ ዝናብ ግን አይብዛብሽ፤ እሱን እኛ ወስደነዋል።

አነበብኩላት። «ዮሀና አልቀረችም፤ የምትኖረው ክረምትን በጋ ከሚሉ ሰዎች ጋር ነው» አልኳት። መጀመሪያ ዓይኗን ጨፈነች፤ ቀልድ መስሏት። ወረቀቱን አፍንጫዋ ሥር ወስጄ «ይኸው ጽሕፈቷ!» አልኳት። ማንበብ ባትችልም የእጅ ጽሕፈትሽን ታውቀዋለች፤ ትንሽ ሆነሽ ግድግዳዋን ሁሉ አጥቁረሽባት የለ? ከዚያ ሳቀች። ከስትሮኩ ወዲህ የሚስቀው ፊቷ ግማሹ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ እንደ ጋሽ ፍቅሩ ኮስተር ብሎ ቀርቷል። ግማሹ ግን ሙሉ ሳቅ ነበር። አሰለፈችም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። በዚያው ሳቋ ሳይገታ ማልቀስ ጀመረች፤ የትኛው ግማሽ እንዳለቀሰ አላወቅኩም።

አሁን እንደገና መስኮቱ ጋ ነች። ውጭው ግን አይታይም፤ መስታወቱን ዝናቡ አልብሶታል።

እውነቱን ልንገርሽ ብያለሁና፦ የምትበላው ቀንሷል። ቆጮውን አድቅቀን በወተት እናጎርሳታለን፤ ሁለቴ ትውጥና ዓይኗን ትጨፍናለች። «አልፈልግም» ነው። ቀልድ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ።

ስለዚህ ያ ፖም ገበሬ በየጠዋቱ የሚጠይቅሽን እኔም ልጠይቅሽ። የሐይቁ ዳር የበጋ መጨረሻ አየር ምን ይመስላል? ትንበያውን ቁጭ ብለሽ ጻፊልኝ። እኔ ስለ ቦዘኔው ዝናብ ግድ ያለኝ እንዳይመስልሽ። ለእሷ የማነብላት ነገር እፈልጋለሁ። ነሐሴን እንድታየው፣ አንቺ ከዚያ ተነሥተሽ ስትመጪ ሰማዩ ምን እንደሚመስል ትወቀው።

አያትሽ ወልደሩፋኤል


ሐይቅ ዳር፣ ሰኔ 25 ቀን 2017

ለአባባና ለእማማዬ፤ ይህ ለሁለታችሁም ነው፣ ጮክ ተብሎ ይነበብ።

የሐይቁ ዳርቻ የበጋ መጨረሻ የአየር ሁኔታ ትንበያ፣ ከዮሀና።

እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ ከተለመደው የሞቀና የደረቀ አየር ይጠበቃል። ሐይቁ ይበልጥ ይጎድላል። ባለፈው ዓመት ውሃ የነበረበት ቦታ ላይ ዘንድሮ ድንጋዩ ወጥቶ ዳክዬዎች ይራመዱበታል፤ እማማ ብታያቸው ለገበያ የሚሄዱ ሴቶች ይመስሏት ነበር። ከዚያ በኋላ ከተራራው ማዶ ሞቃት ነፋስ ይመጣና ነጎድጓድ ይከተላል። በረዶም ሊኖር ይችላል፤ በረዶ ከጣለ ፖሙ ይቆስላል፤ የሄር ፊንክ ልጅ የዓመት ድካሙን ለጭማቂ ቤት በርካሽ ይሰጣል። ከመስከረም መግቢያ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ጭጋግ። ጭጋጉ ሲወርድ ማዶው ጨርሶ አይታይም፤ ያኔ ሐይቁ እንደ ቦንጋ ይሆናል።

ትንበያው ግን እርግጠኛ አይደለም። ከታች በትንሹ የተጻፈ አለ፦ «ከሁለት ሳምንት በላይ ላለው ጊዜ የሚሰጥ ግምት በጥንቃቄ ይታይ።» ሄር ፊንክ ይህችን ስታነቢ ድምፅሽ ይቀንሳል ይሉኛል።

አባባ፣ ከዚህ በታች ያለውን ጮክ ብለው አያንብቡት። ካርዱ እስከ ነሐሴ ላይደርስ ይችላል ብለውኛል። መስከረምም ሊሆን ይችላል፤ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። አለቃዬን ለመንኳት። «አያትሽ ናት እንጂ እናትሽ አይደለችም፤ ለአያት አስቸኳይ ፈቃድ የለም» አለችኝ። እናቴ ስትሞት ስድስት ዓመቴ እንደነበር፣ ያሳደገችኝ እማማ እንደሆነች በጀርመንኛ ለማስረዳት ሞከርኩ። የማውቀው ጀርመንኛ የዝናብና የፀሐይ ብቻ ሆነብኝ።

እስከዚያው እማማ ትብላ። እባክዎ ትብላ።

ዮሀና


ቦንጋ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዮሀና፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ሐምሌ አሥራ ሰባት ደረሰኝ። ትንበያውን ጮክ ብዬ አነበብኩት። ዳክዬዎቹ ያሉበትን ሁለት ጊዜ።

እኔም የቦንጋን ትንበያ ልላክልሽ። ዛሬ ዝናብ። ነገ ዝናብ። ከነገ ወዲያ ያለውን እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው፤ ግን ዝናብ ነው። የቤታችን የጀርባው ጣሪያ አንድ ቦታ ላይ ያፈስሳል፣ ባልዲ አድርጌበታለሁ። ድምፁን አልሰማውም፤ ሲሞላ እግሬን አርሶ ይነግረኛል።

እማማሽ አርፋለች፣ አትስጊ። ስለመብላቷም አትጨነቂ። ሌሊት የሚያማት ነገር የለም።

ካልሲ ደግመሽ አትላኪ። ያለው ይበቃል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በዚያ በቦዘኔው ዳር የእኛ ሰው ማን አለ? ከቦንጋ ባይሆንም፣ ከጅማም ይሁን ከወልቂጤ፣ ከየትም ይሁን የአገር ሰው። በተለይ በዕድሜ ጠና ያለ፣ ሰው የሚያከብረው፣ ማለዳ ተነሥቶ ቤትሽ ሊመጣ የሚችል። ቄስ ካለ ከነስልኩ ጻፊልኝ። ሴት ብትሆንም ጥሩ ነው። ቶሎ መልሺልኝ፤ ጉዳዩ ከአንቺ ይልቅ የእኔ ነው።

አሰለፈች ስልኳ ውሃ ገብቶበታል። ካላነሣች አትደነቂ።

አያትሽ ወልደሩፋኤል


ሐይቅ ዳር፣ ነሐሴ 8 ቀን 2017

አባባዬ፤

እንዴት ብለው ነው ያሳቁኝ! «በዕድሜ ጠና ያለ፣ ሰው የሚያከብረው፣ ማለዳ የሚነሣ!» ባል ሊፈልጉልኝ ነው? ሽማግሌ ሊልኩ ነው እንዴ? «ጉዳዩ ከአንቺ ይልቅ የእኔ ነው» ያሏት ደግሞ ገደለችኝ። የማገባው እኔ፣ የሚቸኩሉት እርስዎ! ለሄር ፊንክ ተርጉሜላቸው አሳቃቸው። «አያትሽን ወደድኳቸው፤ ግን ባሉ የፖም እርሻ ይኑረው» ብለዋል።

ይኸው መልሱ፦ እዚህ ከተማ የአገር ሰው የለም። በባቡር ሁለት ሰዓት ርቃ አንዲት የወሊሶ ሴት አለች፣ ዘነበች ትባላለች፣ ልጆች ያሏት። አንድ ጊዜ በዓል ላይ ነው ያየኋት። እሷንም ከፈለጉ ባል አላት።

ግን እማማ ማረፏን ሲጽፉልኝ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አልነግርዎትም። ሌሊት ሌሊት እንደምትሠቃይ አስብ ነበር። ዕንቅልፍ ካገኘች፣ መብላት ከጀመረች፣ እንግዲህ ትጠብቀኛለች ማለት ነው። ያንን ዕለት ሥራ ላይ ዘፈንኩ።

አባባ፣ እንግዲህ ልናዘዝ። ካርዱ አልመጣም። በጋው እያለቀ ነው። መብራቶቹ ሰሞኑን ማታ ማታ ፈጠን ፈጠን ይላሉ። አልጋዬ ላይ ሆኜ እያየሁ የማስበው አንድ ነገር ነው፦ ካርዱን ብጠብቅና እሷ ባትጠብቅስ? ተመልሼ መግባት ባልችል ምን ይቀርብኛል? የሰው አገር ሽማግሌ አጥባለሁ፤ የራሴን አሮጊት ማጠብ አልችልም? ገና አልወሰንኩም። እርስዎ ምን ይሉኛል? በዚህ ብቻ አይቀልዱብኝ።

ዮሀና


(በፖስታው ላይ፦ ማታ ከደረሰ አይከፈት። በማለዳ ይከፈት።)

ቦንጋ፣ ነሐሴ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዮሀና፤

ቁጭ በይ። ብቻሽን ከሆንሽ አታንብቢው፤ ያ ሽማግሌም ይሁን ሌላ ሰው አጠገብሽ ይቀመጥ።

መርዶ በወረቀት አይነገርም። ይህን አንቺም ታውቂያለሽ። ገና ሳይነጋ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ነጠላ አዘቅዝቆ፣ በር አንኳኩቶ ነው። የሚሰማው ሰው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ ይኖራል። እኔ ያንን እጅ ነበር የፈለግሁልሽ። የአገር ሰው ማን አለ ብዬ የጻፍኩት ለዚያ ነው። አንቺ ባል መሰለሽ። አልፈርድብሽም፤ ይህ ሽማግሌ ቁም ነገር ሲናገር ማን ሰምቶት ያውቃል?

በዛወርቅ ሐምሌ 12 ቀን ማለዳ ሞተች። ሁለተኛው መታት። አልተሠቃየችም፤ ቀና አድርጌ ይዣት ነበር። ትንበያሽ የደረሰው ከተቀበረች በኋላ ነው። ጮክ ብዬ ያነበብኩት ለባዶው አልጋ ነው። «አርፋለች» ብዬ የጻፍኩት እውነቴን ነው፤ ውሸት መጻፍ አቃተኝ፣ እውነቱንም መጻፍ አቃተኝ፤ ሁለቱንም የምትችል ቃል አገኘሁና ተደበቅኩባት። አንቺ ሥራ ላይ ዘፈንሽ። ያንን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ወጣሁ።

ማንኪራ መንደር፣ ከእናቷ መቃብር ጎን፣ ቅበሩኝ ትል ነበር። ዝናቡ ጥርጊያውን ወስዶታል፤ ጋሽ ፍቅሩ ሰው ልኮ አሳየና «አስከሬን ተሸክሞ አይታለፍም» አለኝ። እዚሁ ቦንጋ ቤተ ክርስቲያን ቀበርናት። ጉድጓዱ ውሃ እየቋጠረ ሁለት ሰዎች በባልዲ ይቀዱ ነበር። «ቶሎ በሉ፣ ዋና አትችልም» አልኩ። ማንም አልሳቀም። ድሮ ቢሆን ዓይኗን የምትጨፍንልኝ እሷ ነበረች፤ ጨፍናለች።

የዕድሩን ሰው ሁሉ፣ አሰለፈችንም፣ ለዮሀና ትንፍሽ እንዳትሉ ብዬ አስምያለሁ። የአሰለፈች ስልክ ደህና ነው። ስትደውዪ ታያለች፣ ትቀመጥና ታለቅሳለች።

አሁን ጥያቄሽን ልመልስ። አይቀልዱብኝ ብለሻል፤ አልቀልድም። አትምጪ።

ዝም ብል ትመጪ ነበር። ባጃጁ ቆሞ አንቺ ስትወርጂ አይ ነበር። ላስበው ሞክሬያለሁ፣ ብዙ ሌላ የማስበው ነገር የለኝም። ያንን ለማግኘት እሷን በወረቀት ላይ ሌላ አንድ ወር በሕይወት ማቆየት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ «እማማሽ ሰላም ብላሻለች» ብዬ ጻፍኩ። ሦስቱንም ቀደድኩ። አንቺ እኔ ደጅ ስትደርሺ የሚጠብቅሽ አንድ ደንቆሮና አንድ መቃብር ነው። ለዚያ ብለሽ መጥተሽ የጀርመንን ደጅ ከዘጉብሽ፣ እሷ ያጠበችው፣ ያጎረሰችው፣ ያስተማረችው ሁሉ ጭቃ ገባ።

ካርድሽን ጠብቂ። መቃብሩ የትም አይሄድም። እኔ ግን እዚህ ልቆይሽ ብዬ ቃል አልሰጥሽም። ለእኔም ብለሽ አትምጪ።

አልቅሺ። ግን ተቀምጠሽ።

አያትሽ ወልደሩፋኤል


ሐይቅ ዳር፣ ጳጉሜ 2 ቀን 2017

አባባዬ፣ እንኳን አደረሳችሁ ብዬ ልቅደም፤

መልስዎን መጠበቅ አልቻልኩም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወሰንኩ። ትናንት የአረጋውያን ቤቱን ቁልፍ አስረከብኩ። አለቃዬ «ካርድሽ ሳይመጣ ከወጣሽ ቦታሽን ለሌላ ሰው ነው የምሰጠው፣ ገባሽ?» አለችኝ። ገባኝ አልኳት። ሁለተኛ ጠየቀችኝ፣ ሁለተኛ ገባኝ አልኳት።

ለሄር ፊንክ ስነግራቸው እጄን ያዙ። ከዚያ «የዛሬውን አንብቢልኝ» አሉኝ። አነበብኩ። «ጥሩ አየር ነው፣ ሂጂ» አሉኝ። እጄን ለቀቅ አላደረጉትም።

ይህን ደብዳቤ የያዘችው ዘነበች ናት። የአገር ሰው ብለው ሲጠይቁኝ ጊዜ ሰው እንደናፈቀኝ ገባኝና በባቡር ቤቷ ድረስ ሄድኩ። ነገ ወደ አዲስ አበባ ትበራለች፤ ከዚያ በቦንጋ መኪና ሹፌር እጅ ትልክልኛለች። እትዬ አሰለፈች ስልክ ስለማያነሡ ሌላ መንገድ አጣሁ።

መስከረም 4 ቀን እገባለሁ። ከጅማ በሚኒባስ ነው፤ ቀትር ላይ። ዝናብ ካለ ይዘገያል፤ አይጨነቁ።

አባባ፣ አንድ ልመና አለኝ። ሰው አይሰብስቡ። ጋሽ ፍቅሩም፣ የዕድሩ ሰዎችም፣ ሌላ ጊዜ ይምጡ። ደጅ ላይ ሰው ተሰብስቦ ካየሁ ክፉ ነገር የሆነ መስሎኝ ከመኪናው ሳልወርድ ልቤ ይቆማል። እናንተ ሁለታችሁ ብቻ በሩ ላይ ሁኑልኝ። እትዬ አሰለፈች እማማን ደግፈው ያውጧት፤ ፀሐይ ካለ ይሙቃት። የመጣሁበትን ቀን በጆሮዋ ይንገሯት፣ በዚህኛው ወቅት እንዳልተሳሳትኩ ይማሉላት።

ለእሷ ወንበር ያውጡላት። እርስዎ ግን ይቁሙ።

ዮሀና